የአሮጌ መኪናዬን እግር በአነስተኛ ወጪ ካሠራሁ ከወራት በኋላ፦ የቱ ዕቃ በረከተ፣ የቱ አልበረከተም

መልሱን ላስቀድም። ሙሉ የእግር ዕቃ (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዙትና ጉብታውን የሚያለዝቡት) ስብስብ ሳይገዛ የአሮጌ መኪና እግር ዝም ሊል ይችላል። ሥራው ካለቀ ወራት አልፈዋል፤ መኪናዋ በዚህ ጊዜ አስፋልቱንም ኮረኮንቹንም በደንብ ቀምሳለች። ከቀየርኩት አብዛኛው አሁንም እንደ መጀመሪያው ቀን ነው። አንዱ ግን ቶሎ ደከመ፤ እሱንም እነግራችኋለሁ።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ዘጠነኛው ትውልድ ኮሮላ ናት። ፊቷ ማክፈርሰን ስትራት ነው፣ ማለትም መወዛወዙን የሚያረጋጋው ሾክና ሞላው አንድ ላይ ቆመው ጎማውን ይይዛሉ። ኋላዋ ሁለቱን ጎማዎች የሚያያይዝ አንድ ቢም (የብረት አግዳሚ) ነው። የዚህ ዓይነት እግር ያላቸው ትናንሽ መኪኖች ብዙ ስለሆኑ፣ የምጽፈው አብዛኛው ለእናንተም መኪና ይሠራል።

የቀየርኩት ይኼ ነው፦ የፊት ሾኮች (ካያባ ኤክሴል-ጂ)፣ የሾኮቹ የላይኛው ማውንት (ስትራቱን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው መቀመጫ) እና ኩሽኔታ፣ አቧራ መከላከያና ባምፕ ስቶፕ (ሾኩ እስከ መጨረሻ ሲወርድ ምቱን የሚያለዝበው)፣ የሎወር አርም (ጎማውን ከታች የሚይዘው ክንድ) ቡሺንጎች ማለትም የጎማ መጋጠሚያዎቹ፣ ቦል ጆይንት (የአርሙ ጫፍ ላይ ያለው ባለ ኳስ መጋጠሚያ) እና ታይሮድ ኢንድ (የመሪው ዘንግ ጫፍ፤ ሁለቱም 555 የሚባለው ምርት)፣ ስታብላይዘር ሊንክ (መኪናዋ ኩርባ ላይ እንዳታዘነብል የሚረዳውን ብረት የሚያገናኘው)። ሞላውን፣ ራሱን የአርሙን ብረትና የኋላ ሾኮችን አልነካሁም።

ገንዘብ የሚባክነው መግዛት ላይ ሳይሆን በተሳሳተ ምርመራ ነው ብዬ ነው የማምነው። ፊት ለፊት ኳኳታ ሲሰማ "ሾኩ ሄዷል" ማለት ቀላል ነው። ሾክ ግን ሲደክም ብዙ ጊዜ አይጮህም። መኪናዋ ጉብታ ካለፈች በኋላ መወዛወዟን አታቆምም፣ ፍሬን ሲያዝ አፍንጫዋ ይደፋል፣ ጎማው ላይ ዙሪያውን ጎድጎድ ያለ አበላል ይታያል። ትንንሽ ድንጋይ ላይ በዝግታ ስትሄዱ ቀቀቀ የሚል ድምፅ ካለ ግን መጀመሪያ ስታብላይዘር ሊንኩን ጠርጥሩ። ፍሬን ስትይዙና ስትለቁ አንድ ጊዜ "ጓ" የሚል ከሆነ የሎወር አርም ቡሺንግ ነው የሚሆነው። መሪ ቆማችሁ ስታዞሩ ሞላው ዘለል ሲል ከተሰማችሁ ደግሞ ከላይ ያለው የማውንቱ ኩሽኔታ ደርቋል ማለት ነው።

ከዚያ በእጅ ማረጋገጥ ነው። ጥቂት ዘዴዎች ብዙ ገንዘብ አድነውልኛልና ዘርዘር ላድርጋቸው።

ጎማው ከመሬት ተነስቶ ላይና ታቹን ይዛችሁ ስታነቃንቁት ጨዋታ (ልል እንቅስቃሴ) ካለው ቦል ጆይንት ወይም የጎማው ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለመለየት አንድ ሰው ፍሬን ረግጦ ይያዝ። ጨዋታው ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ወደ ቦል ጆይንት ሂዱ። በማክፈርሰን እግር የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ስትራቱ ስለሆነ፣ መኪናውን በሻሲው አንስቶ ጎማውን ማንጠልጠል፣ ከዚያም በረጅም ብረት አርሙን ወደ ታች ገፋ ማድረግ ነው። ጤነኛ ቦል ጆይንት ምንም አይንቀሳቀስም።

ሊንኩን ስትፈትሹ ሁለቱም የፊት ጎማዎች ወይ መሬት ላይ ይሁኑ ወይ ሁለቱም ይነሱ። አንዱ ብቻ ከተነሳ የስታብላይዘሩ ብረት ይጠመዘዝና ሊንኩን ይወጥረዋል፣ ያለው ጨዋታም ይደበቃል። ብዙ ሰው ሊንኩ ደህና ነው የተባለው በዚህ ምክንያት ነው። አሁንም ካልታወቀ ሁለቱንም ሊንኮች ፈቶ፣ ሰው በሌለበት ቦታ በጣም በዝግታ ትንሽ መንዳት ነው። መኪናዋ ኩርባ ላይ ከወትሮው የበለጠ ታዘነብላለች፣ ስለዚህ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ድምፁ ከጠፋ ግን መልሱ ተገኘ።

መኪናውን በአንድ ጥግ ተጭኖ መልቀቅ የሚባለው የድሮ ፈተና ፈጽሞ የሞተ ሾክን ብቻ ነው የሚያሳየው። ግማሽ የደከመውን አያወጣውም። ሾኩ ላይ ቀጭን የዘይት ወዝ ማየትም ብቻውን ይቀየር አያስብልም፤ ዘይቱ ወደ ታች ወርዶ ቱቦውን አርጥቦ አቧራ ጋግሮበት ከሆነ ግን ማኅተሙ (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዘው) አልቋል።

አሁን ወደ ወጪው። በእግር ሥራ ላይ አንድን ዕቃ ውድ የሚያደርገው እሱን ለማግኘት ስንት ነገር መፈታት እንዳለበት ነው። ሾክ ለመቀየር ስትራቱ ይወጣል፣ ሞላው ተጨምቆ ይፈታል። በዚያች ሰዓት ማውንቱ፣ ኩሽኔታው፣ ባምፕ ስቶፑና የአቧራ መከላከያው ያለ ተጨማሪ ድካም ይቀየራሉ። አዲስ ሾክ ላይ የደረቀ ማውንት መመለስ ከጥቂት ወራት በኋላ ለዚያው ሥራ ድጋሚ መክፈል ነው። በተቃራኒው ሊንኩ በሁለት ዳዶ ነው የታሰረው፤ መቼም ቢሆን ለብቻው ይፈታል። ስለዚህ ገንዘብ ካጠረ ጥራቱን የማላሳንሰው ውስጥ የሚገባውንና ጎማውን የሚይዘውን ነው፤ የማቆየው ደግሞ ከውጭ በቀላሉ የሚፈታውን። ታይሮድ ኢንድና ቦል ጆይንት ግን ቀላልም ቢሆኑ አይቆዩም። ቦል ጆይንት ከወጣ ጎማው ይታጠፋል፣ መሪውም ምንም አያደርግም። አላይመንቱም (የጎማዎቹ አቅጣጫ ማስተካከያ) አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሠራ ሁሉንም ከጨረሱ በኋላ ነው መሄድ የሚሻለው።

ሾኮቹ። ካያባ ኤክሴል-ጂ ባለ ሁለት ቱቦ፣ ጋዝ ያለው ሾክ ነው፤ መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ ወደነበራት ባህሪ ለመመለስ የተሠራ እንጂ ለውድድር አይደለም። መጀመሪያ ጠንከር አለብኝ። ለረጅም ጊዜ የላላ እግር የለመደ ሰው አዲሱን ሾክ ደረቅ ይለዋል። ሳምንታት ካለፉ በኋላ ግን ልዩነቱ ገባኝ። ጉብታ ላይ አንዴ ወርዳ አንዴ ትወጣለች፣ አለቀ። የተበላሸ መንገድ ላይ ፍሬን ስይዝ ድሮ ጎማው እየዘለለ ኤቢኤሱ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው የፍሬን ሥርዓት) ይገባ ነበር፣ አሁን ጎማው መሬቱን ይዞ ይቆያል። ለእኔ ትልቁ ትርፍ ይኼ ነው፤ ምቾት ሁለተኛ ነው። ከወራት በኋላ ከስር አየኋቸው፣ ደረቅ ናቸው። ሾክ ምንጊዜም በጥንድ እንደሚቀየር አትርሱ። አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ መኪናዋ ፍሬን ላይ ሁለቱን ጎን በተለያየ መልክ ትይዛለች።

ሞላውን ያልቀየርኩት አንድም ለገንዘብ፣ አንድም ስላላስፈለገ ነው። ከጎማው መሃል እስከ ጭቃ መከላከያው ጠርዝ ያለውን ከፍታ በሁለቱም በኩል ለካሁ፣ እኩል ነው። የሞላው የመጨረሻ ዙር ብዙ ጊዜ ዝጎ የሚሰበረው መቀመጫው ላይ ስለሆነ እዚያ በደንብ ታይቷል። ሞላ ካልተሰበረና ካልወረደ ረጅም ዕድሜ አለው። ዝም ብሎ አብሮ ይቀየር የሚላችሁን ምክንያቱን ጠይቁት።

የሎወር አርሙ ነገር ሰዎችን ያከራክራል። ሙሉ አርም ከነቡሺንጉ ይሸጣል፣ ሥራውም ፈጣን ነው። እኔ ግን የነበረው አርም ብረቱ ጤነኛ ስለነበር ቡሺንጉን ብቻ በፕሬስ ማስገባት መረጥኩ። ከመኪናው ጋር የመጣው ብረት ጥንካሬው የታወቀ ነው፤ በርካሽ የሚሸጥ ሙሉ አርም ላይ ደግሞ የቁጠባው ቦታ ብዙ ጊዜ የቡሺንጉ ጎማ ነው፣ የምትፈልጉት ራሱ እሱ ሆኖ ሳለ። እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። አንዳንድ ቡሺንጎች በአንድ አቅጣጫ ክፍተት አላቸው፣ ስለዚህ አሮጌው ከመውጣቱ በፊት አቀማመጡ በቀለም ምልክት ይደረግበት። ፖሊዩረቴን የሚባለውን ጠንካራ ዓይነት አስቤው ነበር፤ ዕድሜው ረጅም ነው፣ ግን የመንገዱን ንዝረት ወደ ውስጥ ያስገባል፣ ቅባቱ ሲደርቅም ሲጥ ሲጥ ይላል። በየቀኑ ለምትነዳ የቤተሰብ መኪና የጎማው ቡሺንግ ይበቃል። እስካሁን ስንጥቅ የለውም፣ ፍሬን ላይ የነበረው "ጓ" አልተመለሰም።

ቦል ጆይንቱ በዚህች መኪና ላይ ከአርሙ ተለይቶ በብሎንና በዳዶ ስለሚታሰር ለብቻው ይቀየራል፤ ይኼ ትልቅ ቁጠባ ነው። ሙሉ አርም ግዛ ከመባላችሁ በፊት የእናንተም መኪና እንዲህ እንደሆነ እዩ። 555ቹ አሁንም ጥብቅ ናቸው፣ የጎማ ሽፋናቸውም አልተቀደደም። ሽፋኑን በየጊዜው ማየት ያስፈልጋል፤ እሱ ከተቀደደ ውሃና አቧራ ገብቶ የትኛውንም ምርት ይጨርሰዋል።

ያልበረከተው ሊንኩ ነው። ስሙ የማይታወቅ ርካሽ ዓይነት ነበር፤ በቀላሉ ስለሚፈታ ልሞክረው ብዬ ነው የገዛሁት። መጀመሪያ ፀጥ አለ። ጥቂት ወራት ሳይሞላ ያው የድሮው ቀቀቀ ተመለሰ። ሳወጣው ኳሱ በእጅ ልል ብሎ ይዞር ነበር። አሁን የታወቀ ምርት አስገብቼ ዝም ብሏል። ደህንነትን የሚነካ ጉዳት አላደረሰም፣ የወሰደው የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ይኼው ጥራት ቦል ጆይንት ላይ ቢሆን ግን ሌላ ታሪክ ነበር።

ስለ አገጣጠሙ ያለ ይሉኝታ ልናገር፣ ምክንያቱም ጥሩ ዕቃ በመጥፎ አገጣጠም ሲሞት በየጊዜው አያለሁ። የአርም ቡሺንግ ብሎን መጨረሻ የሚጠብቀው መኪናዋ በጎማዋ መሬት ላይ ስትቆም ነው። ጎማው ተንጠልጥሎ እያለ ከጠበቀ፣ መኪናዋ ስትወርድ የቡሺንጉ ጎማ ተጠምዝዞ ይቀራል፣ ሁልጊዜም እንደተወጠረ ይኖራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። "አዲስ ቡሺንግ አስገብቼ በወራት ተሰነጠቀ" የሚል ሰው መጀመሪያ ይኼን ይጠይቅ። የሾኩን ዘንግ በፒንሳ መያዝ ክልክል ነው፤ በተወለወለው ብረት ላይ ትንሽ ጭረት ማኅተሙን ትቆርጣለች፣ ዘይቱም መፍሰስ ይጀምራል። ባለ ሁለት ቱቦ ሾክ ከመግባቱ በፊት ቀጥ ብሎ ቆሞ ጥቂት ጊዜ ይሳብና ይገፋ፣ ውስጡ የገባ አየር እንዲወጣ። የቦል ጆይንትና የታይሮድ ኢንድ መቆለፊያ ፒን ሁልጊዜ አዲስ ይሁን። የጎማ ዳዶ በዚህች መኪና 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ በአየር መፍቻ እስኪጮህ ድረስ ማጥበቅ ዲስኩንም ብሎኑንም ይጎዳል።

ሞላ መጭመቅን በሚመለከት፣ ትክክለኛ መጭመቂያ ከሌለ አትንኩት። የተጨመቀ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል። ራሴ መሥራት የምችለውን ሠርቼ ይኼን ለባለሙያ የሰጠሁት ለዚህ ነው፣ የከፈልኩበትም አይቆጨኝም።

ያገለገለ ዕቃ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው። የአርም ብረት፣ ሞላ፣ የስታብላይዘር ብረት ያልታጠፈና ዝገት ያልበላው ከሆነ ይገዛል። ሾክ፣ ቦል ጆይንትና ታይሮድ ኢንድ ግን በምንም ዋጋ። ሌላ ሰው ያደከመውን ዕቃ ነው የምትገዙት። ተወዳጅ ምርቶች በማስመሰል ስለሚሠሩ ደግሞ ካርቶኑን ብቻ አትመኑ። ካርቶኑ ላይ ያለው የዕቃ ቁጥር ከዕቃው ላይ ካለው ጋር ይመሳሰል፣ ብየዳው ወጥ ይሁን፣ ጽሑፉ የማይለቅ ይሁን። ቁጥሩን በሻሲ ቁጥራችሁ አስወጡ እንጂ "የኮሮላ ነው" በሚል አትግዙ፤ የአንዱ ዓመት ለሌላው፣ የግራው ለቀኙ ላይሆን ይችላል።

ያልተስተካከለም አለ። የመንገዱ የጎማ ጩኸት ያው ነው፣ ሾክ እሱን አይነካውም። ከድሮ አላይመንት የተበላው የጎማ ጠርዝም እንደተበላ ነው፤ ብቻ መብላቱ ቆሟል። የኋላ ቢሙ ትልልቅ ቡሺንጎች ላይ ላዩን መሰንጠቅ ጀምረዋል፣ ገና ጨዋታ የላቸውም። እነሱን ለማውጣት ቢሙ ራሱ መውረድ ስላለበት፣ የኋላ ሾኮቹ ተራቸው ሲደርስ አብሬ አስቀይራቸዋለሁ። እስከዚያ ጎማ በተፈታ ቁጥር ስንጥቁ መስፋቱን አያለሁ።