ሐረር ላይ ፔጆ 404 በኮንትራት ይዘን ዋልን

ባለፈው ቅዳሜ ከድሬ ሐረር ወጥተን ከታናሽ ወንድሜ ልጅ ጋር ፔጆ ታክሲ በኮንትራት ይዘን ግማሽ ቀን ዞርን። ልጁ አዲስ አበባ ነው ያደገው፣ 14 ዓመቱ ነው፣ የድሮ መኪና ካየ አበቃለት፣ ስልኩ ላይ ውጭ አገር ሙዚየም ውስጥ በገመድ ታጥረው የቆሙትን ሲያይ ነው የሚውለው። አንድ ቀን አብሬው ሳይ ነጭ 404 መጣችና "ይቺማ ሐረር ሰው ጭና ትሰራለች እኮ" ስለው አላመነኝም። በቃ ና ብዬ አመጣሁት።

ለማያውቅ ሰው፣ 404 ማለት ፔጆ በፈረንጆቹ 1960 ያወጣት መኪና ናት፣ ቅርጿን ያወጣው የጣልያኑ ፒኒንፋሪና ነው፣ ፈረንሳይ ውስጥ እስከ 1975 ተመርታለች። ስለዚህ ከፈረንሳይ ከመጡት ውስጥ የመጨረሻዋ እንኳን 50 ዓመት ሞልቷታል ማለት ነው፣ እና ይሄ ሁሉ ዓመት ሐረር ዳገትና ቁልቁለት ላይ!

ሸዋ በር አካባቢ ነው ያገኘናት፣ ሰማያዊ፣ ጣሪያዋ ነጭ፣ ከላይ ፖርቶመጋላ ያላት። መጀመሪያ ያናገርነው ሹፌር ከድሬ መምጣታችንን ሲሰማ ዋጋውን ሰማይ ሰቀለብንና ትተነው ሄድን፣ ሁለተኛው ግን ጢማቸው የሸበተ ሰውዬ፣ ለሶስት ሰዓት 1500 ብር አሉን፣ አልተከራከርኩም። ልጁ "እርስዎ ስንት ዓመት ነዱ?" ሲላቸው ሳቁበት፣ "እርስዎ የሚባለው ማነው አቦ፣ አንተ በለኝ" አሉት። የኛ አገር ሰው እንደዚህ ነው፣ አንቱታ አይወድም፣ እኔ ግን ሲጽፉት ይከብደኛልና አንቱ እያልኩ ልቀጥል።

ስትገቡ መጀመሪያ የሚገርማችሁ በሩ ነው። የአሁን መኪና በር ሲዘጋ ድምፁ ጠብ የማይል ነገር ነው፣ የዚች ግን ላሜራው ወፍራም ስለሆነ ድው ብሎ ነው የሚዘጋው፣ አባቴ ድሬ ላይ ይቺኑ ዓይነት ታክሲ ሲነዳ ማታ ቤት መግባቱን የምናውቀው በዚህ ድምፅ ነበር፣ እናቴ ገና ድው ሲል እራት ማቅረብ ትጀምራለች። ከዛ ደሞ የፊት ወንበሩ አንድ ወጥ ነው፣ መሀል ላይ የሚያደናቅፍ ነገር የለም፣ ልጁ "ማርሹ የታለ?" ብሎ ወለሉን ሲፈልግ ሹፌሩ ከመሪው ስር የወጣችውን ዘንግ አሳዩት። ማርሹ መሪ ላይ ስለሆነ ሹፌሩን ጨምሮ ፊት ለፊት ሶስት ሰው ይቀመጣል፣ ለታክሲ ከዚህ የተሻለ ምን አለ።

ፈረስ መጋላ ስንደርስ ለምነናቸው ኮፈኑን ከፈቱልን፣ እውነቴን ነው የምላችሁ የቀኑ ምርጥ ሰዓት ይሄ ነበር። ሞተሩ ቀጥ ብሎ አልቆመም፣ ወደ ጎን 45 ዲግሪ ተኝቷል፣ ፔጆዎች እንደዛ ያደረጉት ኮፈኑ ዝቅ እንዲል ነው፣ ለሜካኒክ ደሞ ካርቡራተሩም ካንዴላውም እጅ ላይ ነው፣ ምንም ሳትፈታ ትደርስበታለህ። 1618 ሲሲ ነው፣ አራት ሲሊንደር። ሌላ ልጁን ያስደነቀው ፋኑ ነው፣ ያኔ በዛ ዘመን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በማግኔት ራሱን የሚያላቅቅ ፋን ነበር የገጠሙላት፣ ቤንዚን ለመቆጠብ። የኛ ሹፌር ግን ሐረር ላይ ቆጥቤ ራዲያተር ከማፈላ ብለው ሁሌ እንዲዞር አስረውታል፣ እኔም ብሆን አስረው ነበር።

ጥንካሬዋን በተመለከተ አባቴ ደጋግሞ የሚያወራው ሳፋሪ ራሊ የሚባለውን የምሥራቅ አፍሪካ የመኪና ውድድር ነው። በፈረንጆቹ 1963 ላይ 84 መኪና ተነስቶ 7 ብቻ ነው የጨረሰው፣ አንደኛ የወጣችው 404 ናት፣ ከዛ በ1966፣ 67 እና 68 ተከታትላ አሸነፈች። ልጅ እያለሁ አባቴ የሚያጋንን ይመስለኝ ነበር፣ ኋላ ሳጣራ አንዱም ውሸት የለበትም።

ድክመቷን ካልነገርኳችሁ ደሞ ልክ አይሆንም። ፍሬኑ ከፊትም ከኋላም ከበሮ ነው፣ ሹፌሩ ቁልቁለት ላይ ገና ከሩቁ ማርሽ እየቀነሱ ነው የሚወርዱት፣ ስለዚህ ከተማ ውስጥ ተሳፈሩባት፣ ወደ ድሬ የሚወስደውን የደንገጎን ቁልቁለት በሷ ልውረድ እንዳትሉ። ቀበቶ የለም። የቤንዚን ሽታ አለ፣ ሕፃን ይዛችሁ ከሆነ አስቡበት። እኔ በተቀመጥኩበት በኩል የመስታወቱ ማዞሪያ ወልቆ ሹፌሩ ኪሳቸው ውስጥ ያለችውን አንዷን ነው እየተቀባበልን የተጠቀምነው። መሪው ጉልበት ይፈልጋል፣ ጠባብ ቦታ ላይ ሲያዞሩ ትከሻቸውን ሳይ አዘንኩ። ሁሉም ፔጆ ደሞ አንድ አይደለም፣ አንዳንዱ በስቱኮ ብዛት ቅርጿ ጠፍቷል፣ ከኋላ ሹል ብለው የወጡት ክንፎቿ እንኳን ድንብል ብለዋል፣ ከመሳፈራችሁ በፊት ዞር ዞር ብላችሁ እዩ።

የጀጎልን ግንብ በውጭ በኩል ስንዞር አንድ አጥር ስር ጎማ የሌላት 404 ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አየን። ሹፌሩ ፍጥነት ቀንሰው "ይቺን አውቃታለሁ፣ ባለቤቱ ሞተ፣ ልጆቹ ለቆራሌ በኪሎ ሊሸጧት ነው" አሉ። ዝም አልን ሁላችንም። የወንድሜ ልጅ ወርዶ ፎቶ አነሳት፣ አፍንጫዋ ላይ ያለው የአንበሳው ምልክት ገና አልተነቀለም። እኔ የማልረዳው፣ ሐረር በፈረንጆቹ 2006 ዩኔስኮ የመዘገባት ከተማ ናት፣ ግንቡን እንጠብቃለን፣ የአደሬ ቤቱን እንጠብቃለን፣ ይቺስ? የከተማውን ሰው ግማሹን ወደ ሰርግ፣ ግማሹን ወደ ሆስፒታል ያደረሰች መኪና እኮ ናት። አንዷን እንኳን አሳምረው አንድ ግቢ ውስጥ ቢያቆሙልን፣ የተቀሩት ደሞ እየሰሩ እንዲኖሩ መለዋወጫ የሚያመጣ ሰው ቢገኝ። አሁን ባጃጁ በርካሽ ስለሚጭን ፔጆ ለሾፌሩ አያዋጣም፣ ኮንትራት ካልተገኘ ቆማ ነው የምትውለው፣ ሰውዬው ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ።

ማወቅ ለምትፈልጉ ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ሂዱ፣ ፀሐዩ ሳይከር፣ ዋጋ አስቀድማችሁ ተስማሙ፣ ኮፈን ይከፈትልን ብላችሁ ጠይቁ፣ ደስ እያላቸው ነው የሚከፍቱት። ለሹፌሩ ሆጃ የሚባለውን የሐረር ትኩስ መጠጥ ጋብዟቸው፣ ከዛ በኋላ ነው ወሬው የሚመጣው። እኔ አምስት ከአምስት ነው የምሰጣቸው፣ ፍሬኑን ጨምሬ።

ሸዋ በር ስንወርድ ልጁ በሩን ቀስ አድርጎ ገፋው፣ አልዘጋም። "እሷ በልመና አትሰማም አቦ፣ ጠንከር በል" አሉት ሹፌሩ። ድጋሚ ከፍቶ ድው አደረገው። ገና መንገዱን ሳንሻገር ሶስት እናቶች ከነዘንቢላቸው ኋላ ገቡ፣ አንድ ጎረምሳ ፖርቶመጋላው ላይ ማዳበሪያ እየጫነ ነበር።