ሕጉ ሲያሻማ ማን ይተርጉመው? ሼቭሮን እና ሎፐር ብራይት

በአሜሪካ ለ40 ዓመታት የተሠራበት መንገድ ይህ ነበር፦ ኮንግረስ ያወጣው ሕግ አሻሚ ከሆነ፣ አስፈጻሚው መሥሪያ ቤት የሰጠው ትርጉም ምክንያታዊ እስከሆነ ድረስ ፍርድ ቤት ይቀበለዋል። መነሻው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1984 በነዳጅ ኩባንያው በሼቭሮን ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ነው (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በጁን 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሎፐር ብራይት ጉዳይ ይህን ሻረ፤ ሕግን መተርጎም የዳኛ ሥራ ነው አለ።

ክሱን ያመጡት ሄሪንግ የሚያጠምዱ የዓሣ ድርጅቶች ናቸው። ሕጉ ማን እንደሚከፍል በግልጽ ሳይናገር፣ ጀልባቸው ላይ ተሳፍሮ የማጥመዱን ሥራ ለሚከታተለው ታዛቢ በቀን እስከ 710 ዶላር የሚገመት ክፍያ ከኪሳችሁ ሸፍኑ የሚል ደንብ ወጣባቸው። የባሕር ላይ ሥራ ለሚያውቅ ሰው ቅሬታቸው ይገባዋል።

ግን የአዲሱ መንገድ ዋጋ ሠራተኛውም ጋ ይደርሳል። በኖቬምበር 2024 በቴክሳስ የፌዴራል ዳኛ፣ ሎፐር ብራይትን ጠቅሰው የሠራተኛ ሚኒስቴሩን የትርፍ ሰዓት ደንብ ሻሩ። በደንቡ መሠረት ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ የደመወዝ ገደቡ በዓመት 58,656 ዶላር ይሆን ነበር፤ ከዚያ በታች የሚያገኙ አብዛኞቹ የቢሮ ሠራተኞች የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይገባቸው ነበር። ገደቡ ወደ 35,568 ወረደ።

በድሮው መንገድ አስተዳደር ሲለወጥ መሥሪያ ቤቱ ትርጉሙን ሊገለብጠው ይችል ነበር፤ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ቢሆንም እኔ ለቴክኒክ ጥያቄ ባለሙያውን አምናለሁ። ደግነቱ፣ ሎፐር ብራይትም ቢሆን ዳኛው የመሥሪያ ቤቱን ሐሳብ ሰምቶ ካሳመነው ከመቀበል አያግደውም። በሼቭሮን ዘመን የተሰጡ ውሳኔዎችም እንደጸኑ ናቸው።