ጉግል ፎርምስ ለጥሬ ሐሳብ፦ ቅንብሩ ካልተስተካከለ የሚሰበስበው ይሉኝታን ነው

ገና ባልበሰለ ሐሳብ ላይ የባልደረቦቹን አስተያየት ለሚፈልግ ሠራተኛ ጉግል ፎርምስ፣ በኢንተርኔት መጠይቅ የሚዘጋጅበት የጉግል አገልግሎት፣ በቂ መሣሪያ ነው። ነፃ ነው። ሊንኩ በቴሌግራም ይላካል፤ መላሹ ምንም አፕ ሳይጭን ከስልኩ በአማርኛ ጽፎ ይመልሳል።

ብዙ ፎርም የሚበላሸው ከ1 እስከ 5 ባለው መለኪያ ነው። ሰው ላለማስቀየም 4 ሰጥቶ ያልፋል፤ አማካዩም ሐሳቡ የቱ ጋ እንደሚያነክስ አይናገርም። የአንቀጽ መልስ የሚቀበለውን የጥያቄ ዓይነት ይምረጡና ሦስት ብቻ ይጠይቁ፦ «ያልገባዎት የቱ ጋ ነው?»፣ «ቢወጣ የማይጎዳው የቱ ክፍል ነው?»፣ «እርስዎ ቢሆኑ በምን ይተኩት ነበር?» አዲስ መንገድ የሚያሳየው አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው ነው። ጥያቄ በበዛ ቁጥር መልሱ «ጥሩ ነው» ወደሚል ያጥራል።

ከመላክዎ በፊት የኢሜይል መሰብሰቢያውን ያጥፉ። «አንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ይመልስ» የሚለውም ይጥፋ፤ መላሹን በጉግል አካውንቱ ግባ ስለሚለው፣ ኢሜይሉ ባይመዘገብም ሰው ይጠረጥራል። ፋይል ማስጫኛውም እንዲሁ መግባትን ይጠይቃል፤ በዚያ ላይ የፎርሙን ባለቤት የ15 ጊጋባይት ነፃ ቦታ ይበላል። የውጤት ማጠቃለያን ለመላሾች የሚያሳየው ምርጫ ጠፍቶ ይቆይ። አለበለዚያ ዘግይቶ የሚገባው ሰው የቀደሙትን አይቶ ያንኑ ይደግማል።

ስም ባይኖርም መልሶቹ በሚሰበሰቡበት ሠንጠረዥ (ጉግል ሺትስ) ላይ ከእያንዳንዱ መልስ ጎን ሰዓቱ ይመዘገባል። 5 ሰው ባለበት ክፍል ከሰዓቱና ከአጻጻፉ ማን እንደሆነ ይታወቃል። መልሶቹን ለቡድኑ ሲያሳዩ የሰዓቱን ዓምድ ትተው፣ ቅደም ተከተሉን ቀላቅለው ወደ ሌላ ሰነድ ይገልብጡ።

ሊንኩን ለቅርብ ጓደኞች ብቻ መላክም ብዙ አያስገኝም። ተመራማሪዎቹ ዴ ስቶበሌር፣ አሽፎርድና ባየንስ በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከፈጠራ ውጤት ጋር አብሮ የታየው ከተለያዩ ሰዎች አስተያየት መጠየቅ ነው። ስለዚህ ከሂሳብ፣ ከሽያጭ፣ ደንበኛ ከሚያስተናግደው ክፍልም ሰው ይካተት። የመሥሪያ ቤት አካውንት ከሆነ ፎርሙ ለውጭ ሰው መከፈቱን ያረጋግጡ፤ ብዙ ጊዜ ለድርጅቱ ሰዎች ብቻ የተዘጋ ነው።

ዋናው ድክመቱ ምልልስ የለውም፤ «እንዴት ማለትዎ ነው?» ብሎ መላሹን መልሶ መጠየቅ አይቻልም። ማቃለያው ከሦስቱ ጥያቄዎች በታች ግዴታ ያልሆነ አንድ መስመር መጨመር ነው፦ «በአካል ብንነጋገርበት ፈቃደኛ ከሆኑ ስምዎን ይጻፉ።»