ሦስቱም ስኒ የሚጠጣበት ግቢ፦ ከአያት ማዶ፣ በሌገጣፎ መንገድ ያለ የጀበና ቡና ቤት

በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ምሥራቃዊ ጫፉ አያት ነው። እዚያ ወርዶ የሌገጣፎ ታክሲ የያዘ ሰው፣ አስፋልቱን ለቆ ወደ ቀኝ በሚታጠፈው መንገድ አሥር ደቂቃ ያህል በእግሩ ቢጓዝ አንድ የቆርቆሮ በር ያለው ሰፊ ግቢ ያገኛል። በሩ ላይ ሰሌዳ የለም፤ የሰፈሩ ሰው «ወይራው ሥር» እያለ ይጠራዋል። በእርግጥም ከአንድ ትልቅ የወይራ ዛፍ ሥር ዝቅ ዝቅ ያሉ በርጩማዎች ተደርድረዋል፣ ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ደግሞ የረር ተራራ ከአጥሩ በላይ ይታያል። ከጥር ወር ጀምሮ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ስድስት ጊዜ ስለሄድሁ፣ ስለ ቤቱ አገልግሎት የምለው አለኝ።

መሀል ከተማ በየሕንፃው በር ላይ የሚሸጠው የጀበና ቡና አንድ ስኒ ነው፤ በአምስት ደቂቃ ጠጥቶ ወደ ሥራ መመለስ ይቻላል። እኔም ለዓመታት ስልኬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ የጠጣሁት እንዲህ ያለውን ቡና ነው። እዚህ ግን ቡና በስኒ አይታዘዝም። ከአንድ ቀን በፊት ተደውሎ ስንት ሰው እንደሚመጣ ይነገራል፤ ለዚያ ቡድን አንድ ረከቦት ይቀርባል። እንግዳ ሲገባ ቡናው ገና አልታጠበም። የቤቱ ልጅ ጥሬውን ከፊታችን አጥባ ብረት ምጣዱ ላይ ታደርገዋለች፤ መልኩ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቡናማ እየተለወጠ፣ እየተንጣጣ ሄዶ ቅባት ሲያወጣ ምጣዱን አንሥታ በየተራ ታዞርልናለች፤ እኛም ጢሱን በእጃችን ወደ አፍንጫችን እንስባለን። ከዚያ በሙቀጫ ይወቀጣል እንጂ በማሽን አይፈጭም። በመጀመሪያው ቀን ሰዓቴን እያየሁ ስለነበር በትክክል አስታውሳለሁ፤ ከመታጠቡ አንሥቶ አቦሉ እስኪቀዳ 45 ደቂቃ ፈጅቷል። ቶናው እና በረካው ተጠጥቶ እስኪያልቅ ደግሞ በጠቅላላው ሦስት ሰዓት ገደማ ወሰደ።

አቦሉ ጠንካራ ነው፤ ለእኔ አፍ ቆላው ትንሽ በዝቷል። ቶናው ከሁሉም የተስተካከለው ሲሆን ጤና አዳም ሲጨመርበት ደግሞ ይበልጥ ይጥማል። በረካው ቀጠን ይላል፤ ሆኖም በረካን ለጣዕሙ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ብዙ አይመስለኝም። እስከ ስድስት ሰው ለሚሆን ቡድን አንድ ረከቦት ከፈንዲሻና ከቆሎ ጋር 400 ብር ነው፤ አምባሻ ለብቻው 120 ብር ይከፈልበታል። ለሦስት ሰዓት መስተንግዶ ይህ ብዙ አይደለም።

ይህን ቤት ከሌላው የለየብኝን ነገር ለማስረዳት ግን የራሴን ጥፋት መናገር ይኖርብኛል። የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ በእኛ ሙያ ሰኔ ማለት ሌሊቱም ቀን የሚሆንበት ወር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በሳምንት በ48፣ የትርፍ ሰዓቱን ደግሞ በ12 ይወስነዋል፤ ነገር ግን አዋጁ የሥራ መሪዎችን ስለማይመለከት፣ የክፍል ኃላፊ ሆኜ በተሾምሁ ዕለት ያ ወሰን ከእኔ ላይ ተነሣ። ያን ጊዜ እንደ ክብር ነበር የቆጠርሁት። እሑድን ለቢሮ፣ ማታውን ለሙያ ፈተና ጥናት ሰጠሁ፤ ጓደኞቼ ሲደውሉ መልሴ ሁልጊዜ «ይሄ ወር ይለፍልኝ» ነበር። ወሩ ሲያልፍ ሌላ ወር ይተካል።

ባለፈው ዓመት ሰኔ 26 ቀን የአንዷ ጓደኛዬ እናት ዐረፉ። ስድስት ኪሎ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ታምሜ ስተኛ፣ እንደ ልጃቸው ቆጥረውኝ አጥሚት በፔርሙዝ ይዘው ማደሪያ ድረስ የመጡልኝ ሴት ናቸው። ሒሳብ ሊዘጋ አራት ቀን ቀርቶት ስለነበር ቀብር አልሄድሁም፤ ሠልስትም አልደረስሁም፤ በስልክ ገንዘብ ላክሁ። ሐምሌ ላይ ለቅሶ ስደርስ ድንኳኑ ፈርሷል፣ ፍራሹም ተነሥቷል። ጓደኛዬ በደንብ ተቀበለችኝ፣ ቡናም አፈላችልኝ፤ ስለ መቅረቴ አንድም ቃል አልተናገረችም። ከዚያ በኋላ መደዋወላችን እየሳሳ ሄደ።

ጥር ላይ ከአራታችን አንዷ ይህን ግቢ አግኝታ ጠራችን። አቦሉን ስንጠጣ የተጨዋወትነው ስለ ደመወዝ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ነበር፤ ተራ ቦታ ቢሆን ኖሮ ያን ጠጥተን፣ ሒሳብ ከፍለን በየፊናችን እንሄድ ነበር። ቶናው ተቀድቶ ትንሽ ዝም እንዳልን ጓደኛዬ ስኒውን በጣቶቿ እያዞረች፣ «እማዬ የተቀበረች ዕለት በሩን በሩን ሳይ ነው የዋልሁት፤ አንቺን ነበር የምጠብቀው» አለችኝ። ቀጥላም «ገንዘቡ ደርሶኛል። እኔን የቸገረኝ ግን ገንዘብ አልነበረም» አለች። ሥራዬን ላነሣ አልቻልሁም። «አጥፍቻለሁ» ብቻ አልሁ፤ ሁለታችንም አለቀስን።

የቤቱ ባለቤት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ በዚያ ሰዓት ዕጣን ይዘው ወደ እኛ እየመጡ ነበር። አይተውን ከመንገድ ተመለሱ፤ ጀበናውን ማቶቱ ላይ አስቀምጣ ስትጠባበቅ የነበረችውን ልጃቸውንም ዝቅ ባለ ድምፅ «በረካው ይቆይ» አሏት። ሩብ ሰዓት ያህል ማንም ወደ እኛ አልቀረበም። በብዙ ቤት ተስተናግጃለሁ፤ እንግዳን መቼ መቅረብ፣ መቼስ መተው እንደሚገባ እንዲህ የሚያውቅ አስተናጋጅ ግን አላጋጠመኝም። በኋላ በረካውን ራሳቸው ቀድተው «ቡና አጣጪ አያሳጣችሁ» ብለው መረቁን። ምርቃቱን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ ቡና አጣጪ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን ያን ዕለት ነው።

የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ትውውቅ ወደ ቅርብ ጓደኝነት እስኪደርስ ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ ማሳለፍን እንደሚጠይቅ ገምቷል፤ ሥራ ላይ አብሮ የዋለበት ሰዓት ደግሞ ሲጨዋወቱ ያሳለፉትን ያህል እንደማያቀራርብ አመልክቷል። እኛ አራታችን ያን ሰዓት በማደሪያ ክፍላችን ደጋግመን ሞልተነዋል፤ የጎደለን እሱን የምናድስበት የታወቀ ቀን ነበር። ወላጆቻችን ይህን ነገር ትርፍ ጊዜ ሲገኝ ለሚል ሐሳብ አልተዉትም። ማኅበራቸው በ12 ወይም በ21 ቀን ከሆነ በዚያው ቀን ነው፤ ተረኛው ይደግሳል፣ የቀረ ሰው ለምን እንደቀረ ይጠየቃል። ከአራታችን አንዷ ሙስሊም ስለሆነች እኛ የጻድቅ ቀን አልመረጥንም፤ ወር በገባ የመጀመሪያውን እሑድ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት አደረግነው። እትዬም ቀኑን በደብተራቸው ጻፉልን፤ ካልደወልን እሳቸው ይደውላሉ። የመጋቢቱ ቀጠሮ በረመዳን ላይ ሲውል ምንም ሳያንገራግሩ ወደ ምሽት አዛወሩልን፤ ለማፍጠሪያ ቴምር፣ ለዐቢይ ጾማችንም የጾም አምባሻ አዘጋጅተው ጠበቁን።

በዚህ ወር መጀመሪያ እሑድ፣ ማለትም በሰኔ መዝጊያ መካከል፣ ከመዝገባችን ጋር ተመሳክሮ ገና ያልታረቀ የባንክ ሒሳብ ጠረጴዛዬ ላይ ትቼ ሄጃለሁ። ሥራውን ለአንድ ወጣት ባልደረባዬ አስረክቤው ነበር፤ ሰኞ ጠዋት ስገባ ከሁለት ክፍያዎች በስተቀር ሁሉንም አስታርቆ አገኘሁት። ለዓመታት ከእኔ በቀር የሚሠራው የለም ስል የኖርሁት ሥራ ነው። የሙያ ፈተናዬን አሁንም እያጠናሁ ነው፤ የፋይናንስ ዳይሬክተር የመሆን ፍላጎቴም አልቀነሰም።

ቤቱ ጉድለት አለው። ከአስፋልቱ እስከ በሩ ያለው መንገድ ክረምት ሲገባ ጭቃ ነው፤ በሰኔው ጉዟችን ጫማችንን በር ላይ አጥበን ነው የገባነው። መጸዳጃ ቤቱ ንጹሕ ቢሆንም ከስድስት ጊዜ በሁለቱ ውሃ አልነበረም። ዝናብ ሲመጣ ሁሉም ወደ ቆርቆሮው ዳስ ስለሚገባ የከሰሉ ጢስ ዓይን ያቃጥላል፤ አንድ ሰፊ መስኮት ቢከፈትለት መልካም ነው። ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ወደ አያት የሚመለስ ታክሲ ለማግኘት ረጅም ሰልፍ መጠበቅ ግድ ይሆናል።

ከሁሉም ይልቅ ያሳዘነኝ ግን እሑድ እሑድ ከሦስት ሰው በታች አለማስተናገዳቸው ነው። ሚያዝያ ላይ አንድ ጎልማሳ ሰው ብቻውን መጥቶ፣ ደንቡ ተነግሮት አመስግኖ ሲመለስ አየሁ። ብቻውን ለመጣ ሰው የሦስት ሰዓት ቡና ከማንም በላይ ያስፈልገው ይሆናል። ለብቻቸው ለሚመጡ የጋራ ረከቦት ቢዘረጋ ብዬ ለእትዬ ነግሬያቸዋለሁ፤ ሐሳቡን ወደውት ከልጃቸው ጋር እንደሚመክሩበት ነግረውኛል።

ለሐምሌ የመጀመሪያው እሑድ ቦታችን ተይዟል። ሰኔ ላይ ስንወጣ ጓደኛዬ ወደ ኋላ ቀረት ብላ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የእናቷን ጀበና ይዛ ብትመጣ ይፈቀድላት እንደሆነ እትዬን ጠየቀቻቸው። «አምጪው ልጄ» አሏት። «ግን ቅዳሜውን አድርሺልኝ፤ ሳይፈላበት የከረመ ጀበና መጀመሪያ ውሃ ይፈላበታል።»