«እናንተ አርቡ፣ እኛ እንረከባለን» ለሚሏችሁ

ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ ያ ማስታወቂያ እንደገና መዞር ጀምሯል። ነጭ ጥንቸል፣ ቀይ ዓይን፣ ከጎኗ የተቆለለ ብር። «በጓሮዎ ሆነው ገቢ ያግኙ። እናንተ አርቡ፣ እኛ እንረከባለን።» የድርጅቱ ስም ተቀይሯል። አርማውም ተቀይሯል። ቪዲዮው ላይ የሚያወራው ሰውዬ ድምፅ ግን ያው ነው። የዛሬ ዓመት ተኩል ለእኔ የሸጠልኝ በዚያው ድምፅ ነው። ብራችሁን ከማስገባታችሁ በፊት እስቲ ይቺን አንብቡልኝ።

ሙያዬ ሒሳብ ነው። መሥሪያ ቤት አምስት ብር ከጎደለ አመሻለሁ እንጂ ወደ ቤት አልሄድም። የራሴን 96 ሺህ ብር ግን በአንድ ከሰዓት አስተላለፍኩ። ለ12 ጥንቸል፣ አሥር ሴት ሁለት ወንድ፣ እያንዳንዱ 5,500። ለአራት ኬጅ 24 ሺህ። «ለሥልጠና» 6 ሺህ። ደረሰኝ ስጠይቅ «ሲስተሙ ስለተቋረጠ ነው፣ በኋላ ይላክልሻል» አሉኝ። እስካሁን እየጠበቅኩ ነው።

ሥልጠናው አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነበር። ስልሳ ሰው እንሆናለን። ሰውዬው ፕሮጀክተር ላይ ጻፈ፤ አሥር እናት፣ በአንድ ጊዜ ስምንት ልጅ፣ በዓመት ሰባት ጊዜ። 560 ጥንቸል። በ1,500 ብር ስንረከባችሁ 840 ሺህ ብር። ቁጥሩ ግድግዳው ላይ ሲወጣ አዳራሹ ዝም አለ። እኔ በልቤ ጣሪያዬን በቆርቆሮ ቀይሬ ጨርሻለሁ።

ከኋላ ጋቢ የለበሱ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ለመሆኑ ይሄን ሁሉ ሥጋ የሚበላው ማነው?» አሉ።

«ኤክስፖርት ነው አባቴ» አላቸው። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር። እዚያ አዳራሽ ከነበርነው ጥንቸል የቀመሰ ሰው የነበረ አይመስለኝም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ላይ ጥንቸል በስሟ ተጠርታ ከማይበሉት ተመድባለች፤ ታመሰኳለች፣ ሰኮናዋ ግን አልተሰነጠቀም ይላል። ኦርቶዶክሱ ይህን ይጠብቃል። ሙስሊም ጎረቤቴን ስጠይቃቸው «ሐራም አይደለም፣ ግን አለመድነውም» አሉኝ። እናቴማ ኬጁን ገና ስታይ አማተበች። «እኛ አንበላም እማዬ፣ ለመሸጥ ነው» አልኳት። «ታዲያ የምትሸጪለትስ ሰው እንዳንቺ ቢል?» አለችኝ። በጣም ተናደድኩባት።

ከነገሩን ውስጥ ብዙው እውነት መሆኑ ነው ሰውን የሚያሳስተው። ጥንቸል ከወንዱ ጋር በተገናኘች በ31 ቀኗ ገደማ ትወልዳለች፤ ልክ ነው። ስምንት መውለዷም ልክ ነው። ቦታ አትፈጅም፣ አትጮህም፣ ሣርና ቅጠል ትበላለች። ኒውዚላንድ ኋይት የሚባለው ነጩ ዝርያ ለሥጋ የታወቀ ነው። (ስሙ እንዲያ ይሁን እንጂ ዝርያው የወጣው አሜሪካ ውስጥ ነው። አሠልጣኛችን ግን ከኒውዚላንድ በአውሮፕላን እንዳስመጣው ነው የነገረን።) ውሸቱ ያለው በእነዚህ እውነቶች መሀል በተዘለለው ላይ ነው።

በዓመት ሰባት ጊዜ የሚባለው እናቲቱ ገና እያጠባች እንደገና ከወንዱ ጋር ስትገናኝ ነው። ልጆቿን አምስት ስድስት ሳምንት አጥብታ፣ ትንሽ አርፋ ከሆነ በዓመት አምስት ቢሆን ነው። ስምንቱም አያድጉም። የጥንቸል ልጅ ሲወለድ ጸጉር የለውም፣ ዓይኑም የሚገለጠው በአሥር ቀን ገደማ ነው። እናቲቱ ከደረቷ ጸጉሯን ነጭታ ትጎዘጉዝለታለች። ለዚያ ግን መውለጃ ሳጥን ያስፈልጋል። የ96 ሺህ ብሩ ፓኬጅ ውስጥ ሳጥን የለም። ለብቻው ነው የሚሸጠው። ያን ማንም አልነገረኝም።

የመጀመሪያዋ የወለደችው ኅዳር ላይ ነው። የለገጣፎን የኅዳር ሌሊት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጠዋት ባትሪ ይዤ ስወጣ ሰባት ጣት የሚያካክሉ ቀያይ ልጆች ሽቦው ላይ ተበታትነዋል። ድንጋይ ሆነዋል። አንዷ ስነካት እግሯን አንቀሳቀሰች። ጡቴ ሥር ሸጉጬ እስከ አራት ሰዓት ይዣት ቆየሁ፤ ቢሮም አረፈድኩ። አልተረፈችም። በዚያው ቀን አናጺ ጠርቼ አሥር ሳጥን አሠራሁ።

በዚያ ዙር ከአሥሩ እናቶች 61 ልጅ ተወለደ። ጡት እስኪጥሉ የደረሱት 34 ናቸው። ሌሎቹን ብርዱ ጨረሰ፣ ከዚያ ደግሞ ተቅማጥ ገባ። ሆዳቸው እንደ ከበሮ ይነፋል፣ በሁለተኛው ቀን ይሞታሉ። ኮክሲዲያ የሚባለው የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ ነው፤ ዶሮ ያረባችሁ ስሙን ታውቁታላችሁ። ጡት በሚጥሉበት ሰሞን ይብሳል። መድኃኒት ቤቱ ለጥንቸል ተብሎ የመጣ መድኃኒት ስላልነበረው የዶሮውን ሰጠኝ። በኋላ ስረዳ ጥፋቱ የእኔም ነበር። ቶሎ ይወፍሩልኝ ብዬ ፍሩሽካ አበዛሁባቸው። የጥንቸል አንጀት ደረቅ ሣር ይፈልጋል። ሌሊት ሌሊት ለስላሳዋን ኩስ ከራሷ ሥር በአፏ ተቀብላ መልሳ ስትበላም ደንግጬ ነበር። የታመመች መስሎኝ። ለካ ተፈጥሮዋ ነው፣ ምግቧን ሁለት ጊዜ የምታሳልፈው በዚያ ነው። የ6 ሺህ ብር ሥልጠና ይህን አላስተማረኝም።

አሁን ወደ ዋናው።

መጀመሪያ የደረሱትን 14 ልጆች ድርጅቱ ተረከበኝ። ሚዛን እንኳ አላወጡም። «ለዘር ነው» አሉና በ1,500 ሒሳብ 21 ሺህ ብር በዚያው ቀን ባንኬ ገባ። ስልኬ «ቲን» ሲል ሌላዋ ጎረቤቴ አብራኝ ቡና እየጠጣች ነበር። መልእክቱን አሳየኋት። በሳምንቱ እሷም ተመዘገበች። ብሩ ኩዌት ያለች እህቷ ሰው ቤት ሠርታ የላከችው ነው። እስካሁን የሚቆጠቁጠኝ ይሄ ነው። ማስታወቂያ የሠራሁላቸው እኔ ነኝ፣ ያውም በነፃ።

ቀጥሎ 20ዎቹን ይዤ ስደውል ሌላ ሰው መጣ። ሚዛን ይዟል። ከኪሱም የእኔን ውል አወጣ። አንቀጽ 7 «ድርጅቱ ከ90 ቀን ያልበለጡና ከ2.5 ኪሎ ያላነሱትን እንደ ገበያው ሁኔታ ይረከባል» ይላል። ፈርሜበታለሁ። አንድ በአንድ ዘንቢል ውስጥ አስገብተን ሰቀልናቸው። 1.6። 1.8። 1.7። ትልቁ 2 ኪሎ አልሞላም። ከሃያው አንድም አላለፈ። በሣርና በጎመን ቅጠል ያደገ ጥንቸል በሦስት ወር 2.5 ኪሎ አይደርስም፤ አራት አምስት ወር ይፈልጋል። በእንክብል መኖ ቀን ተሌት ከተቀለበ ይቻላል። እንክብሉን የሚሸጡትም እነሱ ናቸው። «እንደ ገበያው ሁኔታ» የምትለዋን ደግሞ ልብ በሉ። ቢመዝንም ባይመዝንም እንዳይረከቡ በር የምትከፍትላቸው እሷ ናት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጎረቤቴ ጥንቸሎቿ መጡላትና እንዳይላት ጠራችኝ። «ከኬንያ የመጡ ምርጥ ዘር» ተብለው ነው የመጡት። አንዱን አንስቼ አገላበጥኩ። የግራ ጆሮው ጫፍ የለም። ሕፃን ሆኖ በእኔ ኬጅ ሽቦ ተይዞ የተቆረጠ ነው። ልጄ «ቆራጣው» ብላ ስም አውጥታለት ነበር። እኔ በ1,500 የሸጥኩትን እሷ በ5,500 ገዛችው። ከእኔ ጓሮ እስከ እሷ ጓሮ ሠላሳ እርምጃ አይሞላም። ኬንያን በመሀል ዞሮ መጣ።

ያኔ ነው ካልኩሌተሬን ያወጣሁት። የ2.5 ኪሎ ጥንቸል ታርዶ ሲወጣ ሥጋው ከግማሹ እምብዛም አይበልጥም፣ 1.3 ኪሎ ብንለው። በ1,500 ከተረከቡኝ ሥጋው በኪሎ 1,150 ብር ወጣ ማለት ነው። ገና ማረጃ፣ ማቀዝቀዣ፣ መኪና፣ የእነሱ ትርፍ ሳይጨመር። ከዚህ ሥጋ ማንም አያተርፍም። 1,500 ከፍሎ ማትረፍ የሚቻለው ጥንቸሉን «እናት» ብሎ ለሌላ ሰው በ5,500 ሲሸጡት ብቻ ነው። አዲስ ተመዝጋቢ ሲጠፋ ሚዛኑ ይወጣል።

ነገሩ የእኛ አገር ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1898 እና በ1901 መካከል አሜሪካኖች የቤልጂየም ጥንቸል የሚሉትን ዝርያ ከእንግሊዝ እያስመጡ በእሳት ዋጋ ይሻሙበት ነበር። አርቢው የሚሸጠው ለአርቢ ነበር። ሁሉም አርቢ ሲሆን ዋጋው ተናደ። ሕንድ ታሚል ናዱ ውስጥ ደግሞ ኢሙ የምትባለዋን ሰጎን መሳይ ወፍ «አሳድጉ፣ መልሰን እንገዛለን» ብለው የገበሬ ገንዘብ ሰበሰቡ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ፈረሰ። ብዙዎቹ ወፎች በረሃብ አለቁ።

ራሴ ገበያ ልፈልግ ብዬም ዞርኩ። የውጭ ሰው የሚበዛበት አንድ ሆቴል ሼፉ በደንብ አስተናገደኝ። «ሥጋውን አውቀዋለሁ፣ ጥሩ ነው። በወር አምስት ስድስት ልወስድሽ እችላለሁ። የቄራ ማህተም ግን አምጪ» አለኝ። ጓሮ የታረደ አይገባም፤ እውነቱን ነው። አንድ ቄራ ሄጄ ስጠይቅ ዘበኛው ስቆ እስኪጨርስ ጠበቅኩት፣ ከዚያ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ለሸማቾች ጥበቃ ላመልክት ስልም ያልጠበቅኩት ገጠመኝ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የሚለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው። አምርቶ ወይም መልሶ ለመሸጥ የገዛ ሸማች አይባልም። እኔ እንግዲህ «ባለሀብት» ነኝ። የቀረኝ ፍርድ ቤት በውል መክሰስ ነው። ውሉ ደግሞ አንቀጽ 7 አለበት። ጠበቃው አንብቦ መነጽሩን አወለቀና «ከመፈረምሽ በፊት ብትመጪ 500 ብር ነበር የማስከፍልሽ» አለኝ።

ስለዚህ ልትገቡ ያሰባችሁ፣ በተለይ አረብ አገር ሆናችሁ ለቤተሰብ «ሥራ ልክፈትላቸው» የምትሉ እህቶች፣ ሰዎቹን እንዲህ አስጨንቋቸው። የምታርዱበትን ቦታ አሳዩኝ በሏቸው፤ ፎቶ ሳይሆን ቦታውን። ሥጋውን የሚገዛችሁን አንድ ደንበኛ ስልክ ስጡኝ በሏቸው፤ ጥንቸል የሸጠላችሁን አርቢ ሳይሆን ሥጋ የገዛችሁን። የቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥራቸውን ተቀብላችሁ የንግድ ፈቃዳቸውን በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ኦንላይን ፈልጉ፤ ፈቃዱ የምን ዘርፍ እንደሆነም እዩ። ውሉ ላይ ዋጋው በብር፣ የመረከቢያው ቀን፣ ባይረከቡ የሚከፍሉት መቀጫ ይጻፍ። «እንደ ገበያው ሁኔታ» ይሰረዝ። ካልተሰረዘ ብዕሩን አስቀምጡት። ጥንቸል ስትረከቡም ጾታውን በዓይናችሁ ሳታዩ አትፈርሙ፤ ትንንሾቹን ለመለየት የለመደ ሰው እንኳ ይሳሳታል፣ ሊያሳስታችሁ የፈለገ ደግሞ አይቸገርም።

በቤታችሁ ጥንቸል የምትበሉ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከመንደር አርቢ ሁለት ሴት አንድ ወንድ ግዙ፣ መውለጃ ሳጥን አሠሩ፣ ደረቅ ሣር አታሳጧቸው። ለራሳችሁ ድስት ይበቃል። ኩሱም ለጓሮ አትክልት ግሩም ነው፣ ሳይብላላ እንዳለ ይበተናል። እኔ ዘንድሮ የለቀምኩትን የመሰለ ጎመን በዕድሜዬ አላየሁም።

እኔ ጋ አሁን አምስት ቀርተዋል። አንዱ ቆራጣው ነው። ጎረቤቴ ኬጁን ለዶሮ አድርጋ ጥንቸሎቹን ስታከፋፍል እሱን ልጄ ለምና አመጣችው። በነገራችን ላይ ወንድ ነው። ለጎረቤቴ የተሸጠላት «ለመውለድ የደረሰች እናት» ተብሎ ነበር፤ ሦስት ወር ሙሉ ሆዱን እየዳበሰች ስትጠብቅ ከረመች።