የ1781ዱ የባለቅኔዎች ታሪክ፣ ጅማ ላይ ተጠርዞ

ፈረንጅ አራዳ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብላ አንዲት ጠባብ የኮፒና የጥረዛ ቤት አለች። እንጀራዋ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ነው። እኔ ግን የ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን የጻፈውን የእንግሊዝ ባለቅኔዎች የሕይወት ታሪክ አሠራሁባት። እ.ኤ.አ. በ1781 ለንደን ላይ በአራት ቅጽ የታተመውን። ስካኑ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ስለሚገኝ በፍላሽ ይዤ ሄድኩ።

እንግሊዝኛ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ተማሪዎቻችን ግጥም የሚያገኙት ሃንድአውት ላይ ተቆራርጦ ነው። ይህ ሁሌም ያሳዝነኛል። ሙሉ መጽሐፍ፣ ያኔ አንባቢ እጅ በገባበት መልኩ፣ እንዲነኩ እፈልጋለሁ።

ደግሞ ይህ መጽሐፍ ከገበያ ፉክክር የተወለደ ነው። በ1774 የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት አሳታሚዎች በመጻሕፍት ላይ ዘላለማዊ መብት የላቸውም ብሎ ፈረደ። ጆን ቤል የሚባል ነጋዴም ኤድንብራ ላይ በትንንሽ ቅጽ የግጥም ስብስብ ያሳትም ጀመር። የለንደን መጽሐፍ ሻጮች ይህን ሲያዩ በ1777 ጆንሰን ዘንድ ሄደው ለየገጣሚው አጭር መግቢያ እንዲጽፍላቸው ለመኑት። ዋጋህን ተናገር ቢሉት 200 ጊኒ (የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ገንዘብ) አለ። አጭር የተባለው መግቢያ እየረዘመ ሄዶ የ52 ገጣሚዎች ታሪክ ሆነ።

እኔ ደጋግሜ የምከፍተው የገጣሚውን የጆን ሚልተንን ታሪክ ነው። ጆንሰን የሚልተንን ፖለቲካ አይወድም፤ አይደብቅምም። ስለ ሚልተን ረጅም ግጥም ስለ «የጠፋችው ገነት» ታላቅነት ግን አፉን ሞልቶ ይመሰክራል፤ እዚያው ላይ ማንም ይህ ግጥም ከዚህ በረዘመ ብሎ ተመኝቶ አያውቅም ይላል። እንዲህ የሚሟገት የሕይወት ታሪክ ደስ ይለኛል። ለእኛ ደግሞ ሌላም ነገር አለው። ሚልተን በዚሁ ግጥም አራተኛ ክፍል የሐበሻ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚያስጠብቁበትን የአማራ ተራራ ያነሳል። ጆንሰን ራሱም አገራችንን ሳይረግጥ በ1735 ሎቦ የተባለውን የፖርቱጋል ሚስዮናዊ የኢትዮጵያ ጉዞ ታሪክ ከፈረንሳይኛ ተርጉሟል፤ በ1759 ደግሞ ስለ አንድ የሐበሻ ልዑል የሚተርከውን «ራሴላስ»ን ጽፏል።

ወደ ሥራው ልመለስ። እኔ በሙጫ ብቻ ይበቃል ብዬ ነበር። ጠራዡ ልጅ ግን «ቲቸር፣ ሙጫ ብቻውን የጅማን ክረምት አይችልም፣ ክር ይግባበት» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እዚህ እርጥበቱ ያላላቀቀው መጽሐፍ የለም። አራት አራት ኤ4 ወረቀት እያጠፈ፣ አስራ ስድስት አስራ ስድስት ገጽ አድርጎ፣ እንደ ብራና መጽሐፍ ጥራዝ በጥራዝ ሰፋው። ያኔ የለንደን አታሚዎችም አንዱን ትልቅ ወረቀት አጥፈው አስራ ስድስት ገጽ ያወጡ ነበር። ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባ በየጥራዙ መጀመሪያ ግርጌ ላይ ፊደል አኑረዋል። ልጁ ፊደሎቹን ራሱ አስተዋላቸውና ጥራዞቹን በእነሱ አመሳከረ። በጣም ነው የወደድኩት!

ሕትመቱም ጥሩ ነው። የዚያ ዘመን «ኤስ» በቃል መጀመሪያና መካከል ላይ ረዝማ «ኤፍ» ትመስላለች። የምትለየው በመሃሏ ባለችው ጭረት ነው፤ የ«ኤፍ» ጭረት ግንዱን አቋርጣ ታልፋለች፣ የ«ኤስ» ግን በግራ በኩል ብቻ ብቅ ትላለች። ጥቁርና ነጭ ብቻ አድርገው ቢያትሙት ይህች ጭረት ትጠፋ ነበር። እነሱ ግራጫውን ስለተዉት ትነበባለች። ወረቀቱ ግን ትንሽ ይጠቁራል።

ቅር ያለኝ ሁለተኛው ቅጽ ነው። የውስጥ ህዳጉን አጥብበውት መስመሩ ወደ መስፊያው ገብቷል፤ ለማንበብ መጽሐፉን በኃይል መዘርጋት ያስፈልጋል። ነግሬያቸው የባሱትን ጥራዞች ያለ ክፍያ አትመው ቀየሩልኝ። የቀረው ግን ዛሬም ያስቸግራል። ሽፋኑ ላይ የለጠፉት የሚያብረቀርቅ ላስቲክም ለእንዲህ ያለ መጽሐፍ አይመጥንም፤ ተራ ጨርቅ ይሻል ነበር።

ለአራቱም ቅጽ 4,200 ብር ከፈልኩ። ለጡረተኛ ቀላል አይደለም፣ ግን አልቆጨኝም። ልታሠሩ ከሄዳችሁ የመመረቂያ ሰሞን ይለፍ፤ ያኔ ወረፋው አይቀመስም። ህዳጉን ደግሞ አንድ ጥራዝ አሳትማችሁ፣ አሳጥፋችሁ፣ በዓይናችሁ ካያችሁ በኋላ ብቻ ቀጥል በሉት።