ልጄን ምግብ ላስለመዱልኝ እትዬ፣ እና ቦታ ለምትፈልጉ ወላጆች

ጀሞና ለቡ አካባቢ ያላችሁ፣ ከዓመት ተኩል እስከ 4 ዓመት ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ይቺን አንብቡልኝ። ረዘም ትላለች። ምስጋናም ጥቆማም ናት።

ልጄን ቀን ቀን የሚይዙልኝ አንድ እናት አሉ። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው። ስማቸውን አልጽፍም፣ "ፌስቡክ ላይ እንዳታወጣኝ" ብለውኛል። ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ አንድ ክፍል ተከራይተው ስድስት ሰባት ልጅ ይይዙ ነበር። አከራያቸው ቤቱን ለሱቅ ፈለገውና አስለቀቃቸው። አሁን ትንሽ ራቅ ብለው ሌላ ቤት ገብተዋል፣ ግማሹ ወላጅ ግን መመላለሱን አልቻለም። ሦስት ልጅ ብቻ ቀርቷቸዋል። አንዱ የኔ ነው። ለዚህ ነው የምጽፈው።

የኔ ልጅ 2 ዓመት ከ5 ወሩ ነው። የአንድ ዓመት ልደቱ እስኪደርስ ያገኘውን ይበላ ነበር። ገንፎ፣ ምስር፣ ድንች በካሮት፣ አቮካዶ፣ ምን ያልበላው ነገር ነበር። ልደቱ ካለፈ በኋላ አንድ በአንድ መተው ጀመረ። መጀመሪያ እንቁላል። ቀጥሎ ገንፎ። ከዚያ ቀለም ያለው ነገር በሙሉ። ዓመት ተኩል ሲሞላው የሚበላው ተቆጥሮ የሚያልቅ ሆነ፦ ፓስታ ያለ ስጎ፣ ነጭ ዳቦ፣ ብስኩት፣ ሙዝ፣ ወተት በጡጦ። ሙዙም ካልተሰበረ ነው። ከተሰበረ ለቅሶ ነው፣ መልሳችሁ ግጠሙልኝ ይላል። የተሰበረ ሙዝ የሚገጥም ባለሙያ የምታውቁ ካላችሁ እሱንም ጠቁሙኝ።

ያልሞከርነው የለም። ስልክ ከፍተን፣ እሱ ሲፈዝ ማንኪያ አፉ ውስጥ መክተት። ምግብ ይዘን በደረጃው ላይ ታች መሯሯጥ። "ይቺ ለአባባ፣ ይቺ ለእማማ፣ ይቺ ለፖሊሱ።" አማቴ ጭናቸው ላይ አጋድመው ሊግቱት ሞክረው፣ ልጁም አስመልሶ፣ እሳቸውም አልቅሰው ተለያዩ። ዓይን ነው ያለ አለ። ትል ነው ያለ አለ። ጥርሱ ነው፣ ይለቀዋል ያለም አለ። አንድ ፋርማሲ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል የተባለ ሽሮፕ ሸጠልን። ልጁ ቀኑን ሙሉ ተኛ። የተኛ ልጅ ደግሞ አይበላም።

ከሁሉ የሚያሳፍረው የኔ ነው። የሜትር ታክሲ ነው የምሠራው። ዳሽቦርዴ ውስጥ ብስኩት፣ ቺፕስና ጁስ አይጠፋም ነበር። ልጁ ቤት አልበላም ሲል መኪና ውስጥ አስገብቼ በብስኩት እታረቀዋለሁ፣ ከዚያ ለእናቱ ደውዬ "በልቷል" እላለሁ።

ባለቤቴ ነርስ ናት። ጤና ጣቢያ ቁጭ ብላ ለሰው እናት "ወተቱ በቀን ከግማሽ ሊትር አይለፍ፣ ሻይ አትስጪው" ትላለች። ቤት ስትመጣ ግን አዳር ውላ ነው፣ ደክሟታል፣ ሲያለቅስ ጡጦውን ትሞላለች። በቀን አምስት ጡጦ ደርሰን ነበር፣ ከአንድ ሊትር በላይ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ የሥራ ጓደኛዋ መዘነችው። ክብደቱ የእድገት ካርዱ ላይ ከመስመሩ አልወጣም። ልጅ በመጀመሪያው ዓመት የተወለደበትን ክብደት ሦስት እጥፍ ያደርሳል፣ በሁለተኛው ዓመት የሚጨምረው ግን ሁለት ሦስት ኪሎ ቢሆን ነው፣ ስለዚህ የመብላት ፍላጎቱ ቀዝቀዝ ማለቱ አያስደነግጥም አለችን። ደሙ ግን ወረድ ብሏል። ወተት ውስጥ ያለው ብረት ከቁጥር የሚገባ አይደለም፣ ሆዱን ግን ይሞላዋል፣ ብረት ላለው ምግብ ቦታ አይተውም። የብረት ሽሮፕ ታዘዘልን፣ ወተቱን ቀንሱ ተባልን። እሺ ብለን ወጣን። እንዴት አድርገን እንደምንቀንስ ግን ባለቤቴም እኔም አናውቅም ነበር።

እትዬ ጋ የደረስነው እንዲህ ሆነን ነው። የመጀመሪያ ቀን ፓስታውን፣ ሁለት ጡጦና ብስኩቱን በፌስታል አስረከብኳቸው። እንዴት እንደሚበላ ላስረዳቸው ስል "ልጄ፣ ምን እንደሚቀርብና በስንት ሰዓት እንደሚቀርብ የኔ ሥራ ነው። መብላት አለመብላት የሱ ነው። አንተ ሂድና ሥራህን ሥራ" አሉኝ።

አላስቻለኝም፣ በምሳ ሰዓት ተመልሼ ሄድኩ። አጭር ጠረጴዛ ዙሪያ አምስት ልጅ ተደርድሯል። እሳቸውም በርጩማ ላይ ተቀምጠው አብረዋቸው ይበላሉ። ክክ አልጫ፣ ድንችና ካሮት፣ የተቆራረጠ እንጀራ። የኔ ልጅ ሳህን ላይ ፓስታው አለ፣ ዳር ላይ ደግሞ የጣት ጫፍ የምታክል የበሰለች ካሮት። አይቶ ወረወራት። እትዬ ዝም። አንስተው ጠረጴዛው ጥግ አስቀመጧትና ከሌሎቹ ጋር ወሬያቸውን ቀጠሉ። እኔ ፓስታውን ላጎርሰው እጄን ስሰድ እጄን መታ አደረጉኝ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው።

ከ25 ደቂቃ በኋላ ገበታው ተነሳ። ልጄ ሦስት ፓስታ በልቶ ነው የተነሳው።

"ኧረ አልበላም እኮ!"

"9 ሰዓት ተኩል ላይ መክሰስ አለ።"

"እስከዚያ ቢርበውስ?"

"ከራበውማ እሰየው፣ እሱን እኮ ነው የምጠብቀው" አሉ።

ተናድጄ ነው የወጣሁት። እውነቱን ልናገር፣ የዚያን ቀን ላስወጣው አስቤ ነበር።

ሰዓታቸው የተቆረጠ ነው። ቁርስ 2 ሰዓት፣ መክሰስ 4 ሰዓት፣ ምሳ 6 ተኩል፣ ሌላ መክሰስ 9 ተኩል። በመካከሉ ውሃ ብቻ። ወተት በኩባያ፣ ያውም ከምግብ ጋር እንጂ ብቻውን አይደለም። ጡጦዎቼን በሁለተኛው ቀን ታጥበው በፌስታል መለሱልኝ። ብስኩቱንም። "ዳሽቦርድህንም ባዶ አድርገው" አሉኝ። ማን እንደነገራቸው እስከዛሬ አላወቅሁም፣ ልጁ ይሆናል።

ግድግዳቸው ላይ የበዓላት ካላንደር አለ። በየቀኑ ሳጥን ውስጥ በእርሳስ የየልጁን ነገር ይጽፋሉ። የኔ ልጅ የካሮት ታሪክ እዚያ ላይ አለ፦ ወረወረ፣ ወረወረ፣ ነካ፣ አሸተተ፣ ላሰና ተፋ፣ ወረወረ፣ ጓደኛው አፍ ውስጥ ከተተ። አሥራ አንደኛው ላይ ዋጠ። ሐኪሞችም አንድን አዲስ ምግብ አሥርና አሥራ አምስት ጊዜ ማቅረብ ሊያስፈልግ ይችላል ይላሉ፣ ባለቤቴ ይህንን ታውቀዋለች። እኛ ቤት ግን ሁለቴ ተወርውሮ ሦስተኛ የቀረበ ነገር አልነበረም። "አይወድም" ብለን መዝግበን እናልፋለን።

አስሬ መቁጠሩ ብቻውን አይደለም የሠራው ግን። ልጆቹ ወጥ ቤት ይገባሉ። አተር ይፈለፍላሉ፣ ድንች በሳህን ውሃ ውስጥ ያጥባሉ፣ ጎመን ይቀነጥሳሉ፣ ግማሹ መሬት ላይ ነው የሚቀረው። አትክልቱን በእጃቸው ከነኩት ግማሽ መንገድ ሄደዋል ይላሉ እትዬ። ደግሞ ደብቀው አያበሉም። እኔ አንዴ ቀይ ሥር ፈጭተን ፓስታው ውስጥ ብንደባልቀውስ ብዬ ነበር። "ሲያገኘው ፓስታውንም ይተወዋል፣ ያኔ ምን ልታበላው ነው?" አሉኝ። ቀይ ሥሩን ለብቻው፣ ቀይ ሥር ነው ብለው ነው የሚያቀርቡት። ሸሚዙን አትጠይቁኝ።

ስለ ጉርሻ ትንሽ ልበል። እኔ ያደግሁት በጉርሻ ነው፣ ሚስቴንም በሠርጋችን ቀን በጉርሻ አንቄያታለሁ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባል የለ? ከልጄ ጋር ያጣላን ግን አሥረኛውም፣ ሃያኛውም ነው። እትዬ ጉርሻን አይጠሉም። ልጁ ራሱ አፉን ከፍቶ ከጠየቀ ያጎርሱታል። አፉን ከዘጋ ግን አልቋል፣ ልመና የለም፣ ጭብጨባም የለም። ሲበላም "ጎበዝ!" አይሉም። ይህ መጀመሪያ ጭካኔ ነበር የመሰለኝ። በኋላ ሳየው ልጁ ከኛ ጋር የነበረው ጦርነት ነው እንጂ ረሃብ አልነበረም፣ እትዬ ደግሞ ጦርነቱን አልገቡበትም።

ወር ሊሞላ ሲል ነው የተለወጠው። ጎኑ የምትቀመጥ ልጅ ጠረጴዛ ላይ የጣለቻትን ድንች አንስቶ በላ። የሷን! ከዚያ ከሳህኗ ይቀማ ጀመር። እትዬ ጸጥ ብለው በማግስቱ የሱ ሳህን ላይም ድንች አደረጉ። አሁን ክክ አልጫ ይበላል፣ ምስር በሎሚ ይበላል፣ ጎመን በእንቁላል ተመትቶ ከሆነ ይበላል፣ አቮካዶ፣ ፓፓያ፣ ካሮት፣ ቂንጬ። ገንፎ አሁንም እምቢ ነው። ቲማቲም ካየ ይነሳል። ወጡ እንጀራውን ከነካው ደግሞ ድራማ አለ። ግን ከአምስት ነገር ወደ አሥራ ስምንት ደርሰናል፣ ቆጥሬዋለሁ።

ሎሚውን በምክንያት ነው የሚያደርጉት። የምስር ብረት ከሎሚ ጋር ሲበላ ሰውነት ውስጥ በደንብ ይገባል፣ ሻይ ደግሞ ተቃራኒውን ነው የሚሠራው። አማቴ ለዳቦው ማጥለቂያ የሚሰጡትን ሻይ ያስተዋቸውም የእትዬ ቃል ነው። ባለቤቴ ሁለት ዓመት ብትነግራቸው አልሰሟትም ነበር። እኩያ ሲነግር ይሰማል መሰለኝ።

ማወቅ ያለባችሁ ነገሮች አሉ። ሥጋ አያበስሉም። የክርስቲያንም የሙስሊምም ልጅ አንድ ገበታ ላይ ስለሚበላ ሥጋውን ቤታችሁ ስጡ ነው የሚሉት። በጾም እንቁላልና ወተት ለልጅ ይሰጥ አይሰጥ የሚለውን ለየወላጁ ይጠይቃሉ። ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጾም የለበትም፣ ግን ከማንም ጋር አይከራከሩም፣ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ ይላሉ። ቆሎ፣ ሙሉ ኦቾሎኒና ሙሉ ወይን እንዳታመጡ፣ ያንቃል ብለው ይመልሱላችኋል። ደግሞ ሁሉን ልጅ አስተካክላለሁ አይሉም። ባለፈው አንዲት እናት ክብደቱ የሚቀንስ፣ ሲውጥ የሚያስለው ልጅ ይዛ መጥታ "መጀመሪያ ሐኪም ይየው፣ ይህ የኔ አይደለም" ብለው መለሷት። እኔ ከዚያ ቀን በኋላ ነው ይበልጥ ያመንኳቸው።

ባለቤቴ አንድ ነገር ትላለች። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት የአገራችን ሕፃናት በቂ ዓይነት ያለው ምግብ ሲበሉ የተገኙት 14 በመቶ ብቻ ናቸው። ብዙው ሰው አጥቶ ነው። እኛ ግን ገበያ ላይ ያለውን ገዝተን፣ ፍሪጅ ሞልተን፣ ልጁን በወተትና በብስኩት ስናኖር ነበር። ይህን ስታስበው ትንሽ ያማል።

ቤት ያደረግነው ብዙ አይደለም። ጡጦውን አስወገድን፣ ሦስት ሌሊት አለቀሰ፣ በአራተኛው ተኛ። እራት ላይ ስልክም ቴሌቪዥንም ይጠፋል፣ የኔም ስልክ ጭምር፣ እሱ ከልጁ ይልቅ ለኔ ከበደኝ። የሚያውቀው አንድ ነገር ሁልጊዜ ገበታ ላይ አለ፣ አዲሱ ደግሞ ትንሽዬ ሆኖ ከጎኑ። ለሱ ብቻ ተብሎ ሌላ የሚሠራ ነገር የለም።

ጉድለታቸውን ካልነገርኳችሁ ማስታወቂያ ይመስላል። ፎቶና ቪዲዮ አይልኩም፣ "ልጅ ልይዝ ወይስ ስልክ ልይዝ" ነው መልሳቸው። ቅዳሜ አይሠሩም። 11 ሰዓት ተኩል ካለፈ ይቆጣሉ፣ እኔ ሁለቴ ተቆጥቻለሁ፣ አንዴ ተሳፋሪ ፊት በስልክ። ልጃችሁ ንጹህ ልብስ ለብሶ አይመለስም። ቤቱም ትልልቆቹ ማቆያዎች ላይ እንዳለው ባለ ሥዕል ግድግዳና ባለ ብዙ አሻንጉሊት አይደለም። ክፍያው ከነሱ ያንሳል፣ ስንት እንደሆነ ራሳቸው ይንገሯችሁ፣ እንደ ልጁ ዕድሜ ይለያያል።

እትዬ፣ ይህን ሰው አንብቦ እንደሚነግርዎት አውቃለሁ። ስምዎን አላወጣሁም። እግዜር ይስጥልኝ። ለዚያ ለመጀመሪያው ቀን ቁጣዬም ይቅርታ፣ በሩን በኃይል የዘጋሁት ነፋስ አልነበረም።

አራት ልጅ የመቀበያ ቦታ አላቸው። የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ስልካቸውን እልክላችኋለሁ። ከ7 እስከ 9 ሰዓት ግን እንዳትደውሉ፣ ልጆቹ ተኝተው ነው።